ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ኩኪስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከባሕር ዳር ነው። ጸሐፊዋ ስሜ አይጠቀስ ብላለች። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጥጥ እየፈተሉ፣ ነጠላ እያሠሩና እየሸጡ ነው ያስተማሩኝ። ዘንድሮ የሥራ እድገት ሳገኝ አንድ ቀን እንኳ ወግ ባለው ቦታ ልጋብዛቸው አልኩ። በዚያው ሰሞን ጣና ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ለቀቀ። ‹የዲዛይነር የከሰዓት ሻይ› ይላል። ከአንዲት የሀገር ልብስ ዲዛይነር ሥራዎች የተቀዱ ኬኮች፣ አራት ዓይነት ሻይ፣ ጣናን የሚያይ መቀመጫ፣ የጾም አማራጭ። ዲዛይነሯም ተገኝታ ታጫውታችኋለች ይላል። ለአንድ ሰው 2,200 ብር። ለሦስት ሰው ያዝኩ፤ ለእትዬ፣ ለእኔና ለጓደኛዬ።

«ያስቀመጡን ባሩ ውስጥ ነው። ኳስ እየታየ ስለነበር ቴሌቪዥኑ እንዳያንጸባርቅ ብለው መጋረጃውን ዘግተውታል። ሶፋው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እትዬን ለሁለት ነው ያስነሳናቸው። ዲዛይነሯ የለችም። ቀሚስ የለበሱ ሁለት አሻንጉሊቶች ቆመዋል፤ የአንዱ እጅ ወልቋል። ሻዩ ከፔርሙስ በተቀዳ ለብ ያለ ውሃ የሚነከር የከረጢት ሻይ ነው፤ አራት የተባለው ሁለት ዓይነት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሳንዱቹ ጠርዝ ደርቋል። እትዬ ጽጌን ስለሚጾሙ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። የመጣላቸው የተቆራረጠ ፓፓያ፣ ቺፕስና አንድ ኩኪስ ነው። ቅቤ አለው ወይ ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጁ ‹ማርጋሪን ነው መሰለኝ› አለኝ። ኩኪሱ ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። ጥለቱ ታትሞ የተለጠፈው አንገቷ ላይ ነው። እትዬ አገላብጠው አዩትና ‹ይቺ ሴትዮ ማን ሞቶባት ነው ነጠላዋን የዘቀዘቀችው?› አሉ። ሳይበሉት በሶፍት ጠቅልለው ለጎረቤት አሳየዋለሁ ብለው ቦርሳቸው ከተቱት። በባጃጅ ስንመለስ ለብቻቸው ይስቁ ነበር። ‹ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ› አሉኝ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

«ሒሳቡ 8,349 ብር መጣ። አስተናጋጁ ሁለቴ ‹ሁሉ ነገር አሪፍ ነው?› ሲለኝ ሁለቴም ‹በጣም› ብያለሁ። 200 ብር ቲፕም ሰጥቻለሁ። አሁን ብሬን ልጠይቅ? ቪዲዮ ስላለኝ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው? እትዬንስ በምን ልካሳቸው?»

እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ሒሳቡ ላይ የተደበቀ ነገር የለም። 2,200 በሦስት 6,600 ነው። 10 በመቶ የአገልግሎት ሲጨመር 7,260 ይሆናል። በዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 8,349። ማስታወቂያውን መልሰሽ እዪው። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ፣ የአገልግሎትና ቫት ለብቻ ማለት ነው፤ ትልልቅ ሆቴሎች እንዲህ ነው የሚጽፉት። ሁለቱ ተደማምረው ዋጋውን በ26.5 በመቶ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ያንቺ የአንድ ሰው ሻይ ዋጋ 2,783 ብር ነበር። ምልክቱም ማብራሪያውም ከሌለ ግን ይህንንም ቅሬታሽ ውስጥ አስገቢው።

አሁን ወደ «በጣም» እንምጣ።

ሽሮ ቤት ገብተሽ ሽሮው ጨው ቢበዛበት ዝም ትያለሽ? አትዪም። «እቱ፣ ጨው በዝቷል፤ ቀይሪልኝ» ትያለሽ። ማኪያቶ ቀዝቅዞ ቢመጣ ትመልሻለሽ። ቲማቲም ስትገዢ እንኳ ከሥር ያለውን ሳታዪ አትከፍዪም። ሆቴል ስንገባ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ድምፃችን ይቀንሳል። ሻዩ ሲቀዘቅዝ «ለካ እንዲህ ነው የሚጠጣው» እንላለን። ሳንዱቹ ሲደርቅ «የፈረንጅ ነገር ነው፤ አላውቅበት ብዬ ነው» እንላለን። አገር ቤት ቢሆን ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። እዚያ ሲሆን የኛ ይሆናል። አለማወቃችን እንዳይታወቅብን ብለን 8,349 ብር ከፍለን፣ አመስግነን፣ ቲፕ ጨምረን እንወጣለን።

አንቺ ደግሞ አጠገብሽ እትዬ ነበሩ። እሳቸው ፊት መጨቃጨቅ ግብዣውን ማበላሸት መስሎሽ ነው። ይገባኛል። ግን ተበላሽቶ ነበር እኮ! አስተናጋጁ የመጀመሪያውን ጊዜ ሲጠይቅሽ «ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ሙቅ ውሃ አምጣልን። እኚህን እናት ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጥልን። መጋረጃውንም ክፈቱልን» ብትዪ ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው ይስተካከሉ ነበር። ጸብ የለውም። ድምፅ መጨመርም አያስፈልገውም።

ምናልባት በርግጥ እንዲያ ነው የሚቀርበው ብለሽ ከሆነ፣ አይደለም። የከሰዓት ሻይ የእንግሊዞች ወግ ነው። በፈረንጆቹ 1840 ገደማ የቤድፎርድ ዱቼዝ የነበረችው አና ጀመረችው ይባላል። እራት ማታ በ2 ሰዓት ነበርና ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ እየራባት ሻይና የሚቀመስ ነገር ታስመጣ ጀመር። በኛ ቋንቋ መክሰስ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ባለ ሦስት ደረጃው ማቅረቢያ ላይ ቀጫጭን ሳንዱች፣ ስኮን የሚባለው ትንሽ ዳቦ ከክሬምና ከማርማላታ ጋር፣ ከዚያ ኬክ ይቀርባል። ጨው ጨው ካለው ተጀምሮ በጣፋጩ ይጨረሳል። ሳንዱቹ ሊቀርብ ሲል ነው የሚሠራው፤ ጠርዙ ከደረቀ ቀድሞ ተቆርጦ፣ ሳይሸፈን ቆይቷል ማለት ነው። ስኮኑ ሞቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ሻዩ ቅጠል ከሆነ በራዱ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ከረጢትም ከሆነ የፈላ ውሃ ላይ ተደርጎ ነው። በፔርሙስ ውሃ ለብቻው፣ ከረጢት ለብቻው አምጥቶ «ንከሩ» ማለት ጥቁር ሻይን መግደል ነው።

በተለይ ባሕር ዳር። ከተማችሁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ገና ከምድጃው ሲነሣ 6 ዲግሪ የጎደለው ውሃ ነው። ፔርሙስ ውስጥ ገብቶ ከወጥ ቤት እስከ ባር ሲጓዝ ምን ሊተርፈው ነው? የሠፈርሽ ሻይ ሻጭ በራዷን ከሰል ላይ ጥዳ፣ ቅጠሉን ከቀረፋና ቅርንፉድ ጋር የምታንተከትከው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእኛ ከፍታ የሚሆነው አፈላል የሷ ነው። ቅጠሉም ቢሆን ከውሽውሽና ከጉመሮ የሚመጣ የራሳችን ሻይ አለን። የሀገር ልብስን ስም ይዞ የውጭ ከረጢት የሚያቀርብ ሆቴል ግን አይገባኝም።

ሐሳቡን ግን አልጠላሁትም። ለንደን ውስጥ በርክሌይ የሚባል ሆቴል አለ። ወደ 20 ዓመት ገደማ ሆነው፤ ዲዛይነሮች በየወቅቱ የሚያወጧቸውን ልብሶች፣ ጫማዎችና ቦርሳዎች እያየ ኩኪስና ኬክ ያደርጋቸዋል። ሰው ገና ሳይበላው ያ የማን ቀሚስ እንደሆነ ያውቃል። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው፦ ልብሱን አጥንቶ፣ ወደሚበላ ነገር መቀየር። ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ ነገር ድሃ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ የተተከለ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን የሚያስተምር ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው። ሸማኔውም ፈታዩም ከተማው ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ሆነው ከኢንተርኔት ያወረዱትን ጥለት በሚበላ ወረቀት አትመው ለጠፉት። የት ላይ እንደሚለጠፍና ወዴት እንደሚዞር የጠየቁት አንድ ሰው የለም። ለልቅሶ የሚዘቀዘቀውን ነጠላ ለግብዣ አቀረቡት! ኬክ ጋጋሪው እናቱን ቢጠይቅ ይበቃው ነበር።

ስለ እትዬ የማስበው ካንቺ የተለየ ነው። ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ያፈርሽው አንቺ ነሽ። እሳቸው ባጃጅ ውስጥ ሲስቁ ነበር። ኩኪሱን በሶፍት የጠቀለሉት አዝነው አይደለም፤ ቡና ላይ የሚያወጡት ወሬ አግኝተው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ ሴት በዚያ ባር ውስጥ ስለ ልብሱ ከሚያውቁት ሁሉ በላይ ያውቁ ነበር፤ ያንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳይተዋል። ዲዛይነሯ ባትመጣም ባለሙያ አጠገብሽ ነበረች። «ጥሩ ነው ልጄ» ያሉሽ ደግሞ ስለ ሻዩ አይመስለኝም።

ስለዚህ «መካስ» የሚለውን ተዪው። ካሳ ካልሽ እሳቸውም የተበደሉ ይመስላቸዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽም አትቀመጪ፤ አንቺን ማጽናናት ሌላ ሥራ ሆኖባቸው ይውላል። ይልቅ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ሂጂና ስለ ኩኪሷ አብረሽ ሳቂ። ጥለት ለደስታ እንዴት፣ ለቤተ ክርስቲያን እንዴት፣ ለልቅሶ እንዴት እንደሚለበስ ጠይቂያቸው። ፍላጎት ካላቸው ሌላ ቀን ዘጌ ውሰጂያቸው። ጀልባው ደርሶ መልስ እንዴት እንደሚሄድ፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ። የዘጌው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ፤ ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ግን ለሴት የተከለከለ ስለሆነ ባለ ጀልባው ሲደራደርሽ እሱን ቆጥሮ እንዳያስከፍልሽ። ጉልበታቸውን ግን አስቢ፤ ከጀልባው እስከ ገዳሙ የሚኬድ መንገድ አለ።

የብሩ ነገር። መጠየቅ ትችያለሽ። «በጣም» ማለትሽ መብትሽን አላጠፋውም፤ ብቻ ነገሩን ያከብደዋል። ዋናው ነገር ቃል የተገባውንና ያልተገባውን መለየት ነው። የሳንዱቹ መድረቅ፣ የሶፋው ዝቅታ፣ የኳሱ ጩኸት አስተያየት ናቸው፤ «ሌላው እንግዳ ወዶታል» ይሉሻል። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ግን ቃል ነው፦ ዲዛይነሯ፣ ጣናን የሚያየው መቀመጫ፣ አራቱ ሻይ፣ የጾሙ ምግብ። እነዚህ አራቱ ላይ ቆሚ። ከሁሉም ጠንካራው የጾሙ ነው። «ማርጋሪን ነው መሰለኝ» መልስ አይደለም። ማርጋሪን ራሱ አንዳንዱ የወተት ተዋጽኦ አለበት። ኩኪስ ላይ የሚቀባው ነጭ ስኳር ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንቁላል ነጭ ይመታል። እትዬ አለመብላታቸው በጀ።

ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ተጽፏል። በመጀመሪያው መልእክትሽ ግን አዋጅ አትጥቀሺ፤ ቶሎ ወደ ጠበቃቸው ያዞሩሻል። መጀመሪያ ማስታወቂያው ከቴሌግራም ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጊው። የካሽ ሬጂስተሩን ደረሰኝ ፎቶ አንሺው፤ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል። ከዚያ ለማኔጀሩ ይህን የመሰለ ነገር ላኪ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በዲዛይነር ሻይ ዝግጅታችሁ ላይ ለሦስት ሰው ከፍዬ ነበር። ማስታወቂያችሁ ዲዛይነሯ ትገኛለች፣ መቀመጫው ጣናን ያያል፣ አራት ዓይነት ሻይና የጾም አማራጭ አለ ይላል። ዲዛይነሯ አልተገኙም። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። የቀረበው ሁለት ዓይነት ሻይ ነው። ለጾመኛ እንግዳዬ ከፓፓያና ከቺፕስ በቀር የጾም መሆኑ የተረጋገጠ ነገር አልቀረበም። በሰዓቱ አለመናገሬን አውቃለሁ። ማስታወቂያውንና ደረሰኙን አያይዣለሁ። የአንድ ሰው ሒሳብ፣ 2,783 ብር፣ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ሙሉውን 8,349 አትጠይቂ። አንቺና ጓደኛሽ ከሞላ ጎደል በልታችኋል። የጾመኛዋን ድርሻ ብቻ ስትጠይቂ «አይሆንም» ለማለት ይከብዳቸዋል። የአስተናጋጁን ስም አታንሺ። መጋረጃውን የዘጋው፣ ዲዛይነሯን ያስቀረው፣ ፔርሙሱን የመረጠው እሱ አይደለም። «መሰለኝ» ማለቱም ወጥ ቤቱ ስላልነገረው ነው። 200 ብሩም ይሁንለት።

ቲክቶኩን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አቆዪው። መልስ ከነፈጉሽ የሆነውን እንደሆነ ማውራት ያንቺ ፈንታ ነው፤ ግን የአስተናጋጁም የሌሎች እንግዶችም ፊት አይታይ። የእትዬም እንዲሁ። ይሄንን ቀላል እንዳታደርጊው። «ማን ሞቶባት ነው» ያሉበትን ድምፅ ከለቀቅሽው በማግስቱ ከተማው ሁሉ ይቀባበለዋል። ሰው ይስቃል፣ ይወዳቸዋልም፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «የኩኪሷ እናት» መባል ይፈልጉ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። የግድ ከሆነ ኩኪሷን ብቻ አሳዪ። እሷ አትቀየምም።

ሆቴሉ ብር ከመመለስ ይልቅ ኩፖን ሊሰጥሽ ይሞክራል። ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ ገንዘብ መመለስ ለሒሳብ ክፍል ራስ ምታት ነው። ኩፖኑን ብትቀበዪ ክፉ አይደለም፤ ግን ለዚያው ሻይ እንዳይሆን። ለምሳ ይሁን በዪ። ጽጌ ኅዳር 6 በቁስቋም ይፈታል፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በመሃል ያለችው ሳምንት ለዓሣ ምሳ ትበቃለች፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ዝለዪ። ኩፖኑ ላይ የሚያበቃበት ቀን፣ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ የአገልግሎትና ቫት መግባቱ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከፍ ያለ ወንበር ያለው፣ መስኮቱ አጠገብ የሆነ ጠረጴዛ ስትይዢ በስልክ ብቻ አትመኚ፤ ከሥራ ስትወጪ ጎራ ብለሽ ራስሽ እዪው።